የግድያ ሙከራና የምስክር ቃል በሕንድ የወንጀል ሕግ

በሕንድ ሕግ አንድ ሰው በግድያ ሙከራ ጥፋተኛ የሚባለው፣ ያደረገው ድርጊት ሞት አስከትሎ ቢሆን ኖሮ በነፍስ ግድያ የሚያስጠይቀው ሲሆን ነው። ይህ መለኪያ የተደነገገው በ1860 በወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ቁጥር 307 ነው (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ከጁላይ 1 ቀን 2024 ጀምሮ የሚሠራበት ባራቲያ ኒያያ ሳንሂታ የተባለው አዲስ ሕግም በቁጥር 109 ሥር ይዘቱን ብዙም ሳይነካ ወርሶታል። ቅጣቱ እስከ አሥር ዓመት እስራትና መቀጮ ነው፤ በድርጊቱ ሰው ከተጎዳ እስከ ዕድሜ ልክ ይደርሳል። የዕድሜ ልክ ፍርደኛ ሆኖ ሳለ ይህንኑ ወንጀል ፈጽሞ ሰው የጎዳ ደግሞ ሞት ሊፈረድበት ይችላል። ፖሊስ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ሊይዝ ይችላል፣ ዋስትና እንደ መብት አይጠየቅም፣ ጉዳዩ የሚታየው ከባድ ወንጀሎችን በሚዳኘው የሴሽንስ ፍርድ ቤት ነው፣ ተበዳይና ተከሳሽ ስለታረቁ ብቻም መዝገቡ አይዘጋም።

ዳኛው እንግዲህ ያልደረሰውን ሞት እንደ ደረሰ አድርጎ አስቦ፣ ያ ሞት ነፍስ ግድያ ይባል ነበር ወይስ ከዚያ ያነሰ ጥፋት ብሎ መጠየቅ አለበት። በነፍስ ግድያ ክስ ላይ የሚነሱ መከላከያዎች ሁሉ እዚህም የሚነሱት በዚህ ምክንያት ነው። ራሱን ሲከላከል ከሕጉ ወሰን ያለፈ፣ ወይም ድንገት በከባድ ሁኔታ ተቆጥቶ የተኮሰ ሰው፣ ተበዳዩ ቢሞት ኖሮ ጥፋቱ ከነፍስ ግድያ ያንስ ስለነበር በቁጥር 308 (በአዲሱ ሕግ 110) ይጠየቃል። የዚህ ቅጣት ጣሪያ ሦስት ዓመት፣ ጉዳት ካለ ሰባት ዓመት ነው። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው የቅጣት ርቀት ትልቅ ነው፤ ድርጊቱ ግን አንድ ዓይነት ጥይት፣ አንድ ዓይነት ጩቤ ሊሆን ይችላል።

ዐቃቤ ሕግ የሚያስረዳው ሁለት ነገር ነው፤ የመግደል ሐሳብ ወይም ድርጊቱ ሞት እንደሚያስከትል ማወቅ፣ ከዚያም ያን ሐሳብ ከግብ ለማድረስ የተደረገ ድርጊት። ድርጊቱ ከመሰናዳት ያለፈ መሆን አለበት። ሕጉ ራሱ ይህን በምሳሌ ያስረዳል። ሰው ለመግደል አስቦ ጠመንጃ የገዛና ያጎረሰ ገና ወንጀሉን አልሠራም፤ ሲተኩስ ግን ሠርቷል። መርዝ ገዝቶ ከምግብ ጋር የቀላቀለ፣ ምግቡ በእጁ እስካለ ድረስ በዚህ ቁጥር አይያዝም፤ ምግቡን በሰውየው ገበታ ላይ ካኖረ ወይም እንዲያቀርቡለት ለአሽከሮቹ ከሰጠ ግን ያን ጊዜ ሙከራው ተፈጽሟል። ተጎጂው ምግቡን ባይቀምሰውም ለውጥ የለውም።

ምሳሌዎቹ ጥሩ ናቸው፤ ክርክሩን ግን አላስቀሩትም። በ1867 የቦምቤይ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የካሲዲን ጉዳይ አየ። ተከሳሹ ባሩዱን የሚለኩሰው ካፕ ያልተገጠመለትን ጠመንጃ፣ ተገጥሞለታል ብሎ አምኖ ሰው ላይ ደቅኗል፤ ቃታውን ሳይስብ ተይዟል። ፍርድ ቤቱ ጠመንጃው በነበረበት ሁኔታ ሊገድል ስለማይችል ቁጥር 307 አይሠራም፣ ነገሩ በጠቅላላው የሙከራ ድንጋጌ በቁጥር 511 ይታይ አለ። ከሃያ አራት ዓመት በኋላ ካፑ ፈንድቶ ባሩዱ ያልተቀጣጠለበት የጠመንጃ ጉዳይ ለአላሃባድ ፍርድ ቤት ሲቀርብ ዳኛው በዚህ አስተሳሰብ አልተስማሙም፤ የግድያ ሙከራ ራሱን የቻለ ድንጋጌ ስላለው ወደ ጠቅላላው ቁጥር የሚያስኬድ ነገር የለም አሉ።

ክርክሩን ወደ አደባባይ ያወጣው በፑኔ ከተማ የደረሰው ነገር ነው። በጁላይ 1931 የቦምቤይ ተጠባባቂ አገረ ገዥ ሰር ኧርነስት ሆትሰን ፈርጉሰን ኮሌጅን ሲጎበኙ ቫሱዴቭ ባልዋንት ጎግቴ የተባለ ተማሪ በቅርብ ርቀት ሁለት ጊዜ ተኮሰባቸው። ጥይቱ በኪሳቸው የነበረው የቆዳ ቦርሳና የወረቀት ገንዘብ ላይ ቀረ፤ ሆትሰን ተረፉ። ተከላካዩ ወገን ይህ ጥይት በዚያ ሁኔታ ሊገድል አይችልም ነበር ሲል የካሲዲን ፍርድ ጠቀሰ። ፍርድ ቤቱ ግን ተከሳሹ ሊገድል አስቦ፣ በተለመደው የነገሮች አካሄድ የሚገድል ድርጊት ፈጽሟል፤ ያከሸፈው የጥይቱ ጉድለት ወይም የቦርሳው ጣልቃ መግባት ስለሆነ ከቁጥር 307 አያወጣውም አለ። ጎግቴ ስምንት ዓመት ተፈረደበት።

የነጻይቱ ሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1961 ከዚህም አልፎ ሄደ። ጉዳዩ የመጣው ከፑንጃብ ሲሆን ኦም ፕራካሽ በሚል ርዕስ ይታወቃል። ባል ሚስቱን ቤት ዘግቶባት በረሃብ ሊገድላት ሲሞክር፣ አንድ ቀን በሩ ሳይቆለፍ በቀረበት አጋጣሚ አምልጣ ሉዲያና ሆስፒታል ደረሰች፤ ሐኪሟ ለፖሊስ አስታወቀች። ጥይት የለም፣ ጩቤ የለም፣ «ይህ የመጨረሻው ድርጊት ነው» የሚባል ቅጽበትም የለም። ምግብ መከልከል ቀን በቀን የሚደጋገም ነገር ነው፤ ለሞት የሚያበቃውም ገና ሊመጣ ይችል ነበር። ፍርድ ቤቱ የመግደል ሐሳብ እስካለ፣ ያን ሐሳብ ተከትሎ የተደረገው ድርጊት የመጨረሻው እርምጃ መሆን አይጠበቅበትም ሲል ወሰነ። በቤት ውስጥ ለሚፈጸሙ ቀስ ያሉ ግድያዎች ይህ ፍርድ ከሁሉም በላይ ጠቃሚ ነው ቢባል ያስኬዳል።

ከእነዚህ ፍርዶች ቁስል የወንጀሉ ፍሬ ነገር አለመሆኑ ይከተላል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1983 ከማሃራሽትራ በመጣ ጉዳይ ለሞት የሚያበቃ ጉዳት መድረሱን ማስረዳት አያስፈልግም ብሏል፤ በ2019 ከማድያ ፕራዴሽ በመጡ መዝገቦችም ጉዳቱ ቀላል ቢሆን እንኳ፣ ሐሳቡ ከተረጋገጠ ሙከራው እንደሚጸና ደግሟል። ለሥር ፍርድ ቤቶች በተደጋጋሚ የሚነገረው ትምህርት ይኸው ነው።

ትምህርቱ እንዲህ ግልጽ ሆኖ ሳለ የሴሽንስ ዳኞች አሁንም ዓይናቸውን ከቁስሉ አያነሱም፤ እነሱንም መውቀስ ያስቸግራል። ሐሳብ በሰው ልብ ያለ ነገር ነው። በመዝገቡ ውስጥ ከወገንተኝነት የራቀ ወረቀት ቢኖር ብዙ ጊዜ የሐኪሙ የጉዳት ሰርተፊኬት ብቻ ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ራሱ በ1965 ከቢሃር በመጣው የሳርጁ ፕራሳድ ጉዳይ፣ ጩቤው ዋና የአካል ክፍል አለመቁረጡ ብቻውን ተከሳሹን ከቁጥር 307 አያወጣውም ካለ በኋላ፣ ከዙሪያ ገባው ሐሳቡ አልተረጋገጠም ብሎ ጥፋቱን በአደገኛ መሣሪያ ወደ ማቁሰል ዝቅ አድርጎታል። መርሑ ጸንቶ ተከሳሹ ግን ከርሱ ወጣ።

ሐሳብ የሚነበብባቸው ምልክቶች በፍርዶቹ ውስጥ ይደረደራሉ፤ የመሣሪያው ዓይነት፣ የተመታው የአካል ክፍል፣ የምቱ ብዛትና ኃይል፣ ከምቱ በፊትና በኋላ የተነገረው፣ የቆየ ቂም፣ የተከሳሹ ሁኔታ። ሁሉም እኩል ክብደት የላቸውም። «ግደለው!» ተብሎ ተጮኸ የሚል ምስክርነት በሕንድ የገጠር መዝገቦች ውስጥ እጅግ ይበዛል፤ ከጎን የቆመውን ሰው ወደ ክሱ ለመሳብ የሚመች ቃል ስለሆነ ፍርድ ቤቶች በጥርጣሬ ያዩታል፣ ማየታቸውም ተገቢ ነው። የመሣሪያው ዓይነትም ሊያሳስት ይችላል። ገበሬ በእርሻ ላይ የያዘው መጥረቢያ ለመግደል የመጣ ሰው መጥረቢያ አይደለም። ከሁሉ ይልቅ የሚናገረው ድርጊቱን ያስቆመው ነገር ነው። አንዴ ቀጥቅጦ ሌላውን ምት መድገም እየቻለ የተወ ሰውና፣ ጎረቤት ደርሶ እጁን እስኪይዘው ድረስ ራስ ላይ ሲደጋግም የነበረ ሰው አንድ ዓይነት ቁስል ቢያደርሱ እንኳ አንድ ዓይነት ሐሳብ አልነበራቸውም። ይህ ጥያቄ ግን በፍርዶቹ ዝርዝር ውስጥ እምብዛም የፊት ቦታ አይሰጠውም።

ጎን ለጎን የቆሙ ሌሎች ቁጥሮችም አሉ። በአደገኛ መሣሪያ ቀላል ጉዳት ማድረስ (በቀድሞው ሕግ 324) እስከ ሦስት ዓመት ያስቀጣል፤ በአደገኛ መሣሪያ ከባድ ጉዳት ማድረስ (በቀድሞው ሕግ 326) ደግሞ ልክ እንደ ግድያ ሙከራው እስከ ዕድሜ ልክ ሊያስቀጣ ይችላል። ፖሊስ በመንደር ድብድብ ላይ ቁጥር 307ን (አሁን 109ን) ቶሎ የመጻፍ ልማድ አለው፤ ዋስትናን ስለሚያከብድና ተከሳሹን ለድርድር ስለሚያስገድድ ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2014 በናሪንደር ሲንግ ጉዳይ፣ ወገኖቹ ታርቀው ክሱ ይቋረጥ ሲሉ ከፍተኛው ፍርድ ቤት በቁጥሩ ስም ብቻ ሳይወሰን ጉዳቱ የት እንዳረፈና በምን መሣሪያ እንደደረሰ እንዲመረምር ያዘዘው ይህን ልማድ ስለሚያውቅ ነው። በ2019 በላክሽሚ ናራያን ጉዳይ ሦስት ዳኞች ይህንኑ አጽንተው፣ ወንጀሉ በኅብረተሰብ ላይ የተፈጸመ ከባድ ወንጀል ስለሆነ ዕርቅ ብቻውን እንደማይበቃ አስጠነቀቁ። እዚህም ላይ ፍርድ ቤቱ መለኪያ አድርጎ የተጠቀመው ያንኑ ከወንጀሉ ፍሬ ነገር ውጪ ያደረገውን ቁስል ነው።

ሐሳቡ ከድርጊቱ የሚነበብ ከሆነ፣ ድርጊቱን ያየው ሰው ቃል የመዝገቡ ዋልታ ይሆናል። ሕንድ ፍርዱን ለጁሪ ትሰጥ የነበረበት ሥርዓት በ1973 የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ ተወግዷል። ከዚያ ወዲህ ፍሬ ነገሩን የሚመዝነው ዳኛ ብቻ ነው፤ ለምን እንዳመነና ለምን እንዳላመነ በጽሑፍ ማስረዳት አለበት፣ ጽሑፉም በይግባኝ ይመረመራል። ስለ ምስክር አመዛዘን በሕንድ የተጻፈው ፍርድ ይህን ያህል የበዛው ከዚህ የተነሳ ነው። መነሻው በጄምስ ፊትዝጀምስ ስቲቨን የተረቀቀው የ1872 የማስረጃ ሕግ ነበር፤ አሁን ቦታውን ባራቲያ ሳክሽያ አዲኒያም ይዞታል። የ1872ቱ ሕግ ለኢትዮጵያ የሕግ ባለሙያ ሙሉ በሙሉ ባዕድ አይደለም፤ በ1960ዎቹ ተዘጋጅቶ ሳይጸድቅ የቀረው የኢትዮጵያ የማስረጃ ደንብ ረቂቅ አብዛኛውን የወሰደው ከርሱ ነው።

የማስረጃ ሕጉ ምስክር አይቆጥርም። አንድን ፍሬ ነገር ለማስረዳት ይህን ያህል ምስክር ያስፈልጋል የሚል ወሰን የለም (የቀድሞው ቁጥር 134፣ የአሁኑ 139)። በ1957 በቫዲቬሉ ቴቫር ጉዳይ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ምስክሮችን በሦስት ከፈለ፤ ፈጽሞ የሚታመን፣ ፈጽሞ የማይታመን፣ እና በሁለቱ መካከል ያለ። በመጀመሪያው ብቻውን መፍረድ ይቻላል፤ በሁለተኛው አይቻልም፤ ለሦስተኛው ደጋፊ ማስረጃ ይፈለጋል። ክፍፍሉ ቆንጆ ነው፣ ይጠቀሳልም። ይሁን እንጂ ምስክሩ ከየትኛው ወገን እንደሆነ የሚለይበትን መንገድ አይናገርም፤ ዳኛው አስቀድሞ የደረሰበትን እምነት መሰየሚያ ብቻ ይሰጠዋል። ወደ ችሎት የሚመጡት ምስክሮችም አብዛኞቹ ከሦስተኛው ወገን ናቸው።

ከምስክሮቹ መካከል በግድያ ሙከራ ክስ ልዩ ቦታ ያለው የቆሰለው ሰው ራሱ ነው። በነፍስ ግድያ ዋናው ምስክር ሞቷል፤ በሙከራ ግን ሕያው ሆኖ ቃሉን ይሰጣል፣ መስቀለኛ ጥያቄም ይጠየቃል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2010 በአብዱል ሰኢድ ጉዳይ እንዳጠቃለለው፣ ቁስሉ በሥፍራው መገኘቱን ራሱ ያረጋግጣል፤ ያቆሰለውን ሰው ትቶ ንጹሑን የሚወነጅልበት ምክንያትም እምብዛም የለም፤ ስለዚህ ጠንካራ ምክንያት ካልተገኘ ቃሉ ውድቅ አይደረግም። የመከራከሪያው የመጀመሪያ ግማሽ የማይነቀነቅ ነው። ሁለተኛው ግማሽ ግን ከሚገባው በላይ ተለጥጧል። ቁስሉ ሰውየው እዚያ እንደነበረ ያሳያል እንጂ በጨለማ ማን እንደመታው ለይቷል ማለት አይደለም። የመታው አንድ ሰው ሆኖ ሳለ ከርሱ ጋር ወንድሞቹንና የአጎቱን ልጆች አብሮ ቢጠራም ቁስሉ ይህን አይከለክለውም። ቂም ባለበት መንደር ውስጥ የቆሰለ ሰው ያቆሰለውን አይምርም፤ ሌሎቹን ግን ሊጨምር ይችላል።

ይህን አደጋ ፍርድ ቤቱ ቀድሞ አይቶት ነበር። በ1953 በዳሊፕ ሲንግ ጉዳይ ዳኛ ቪቪያን ቦዝ የተጎጂ ዘመድ ምስክርነት ደጋፊ ማስረጃ ያስፈልገዋል የሚለውን አስተሳሰብ ውድቅ አደረጉ፤ የቅርብ ዘመድ እውነተኛውን ገዳይ ለማዳን ብሎ ሌላ የሚከስ የመጨረሻው ሰው ነው ሲሉ አስረዱ። ይህ ክፍል እስከ ዛሬ በሺህ ፍርዶች ይጠቀሳል። ቀጥለው የጻፉት ግን ብዙ ጊዜ ይዘለላል፤ ስሜት ሲግልና የግል ቂም ሲኖር፣ ከጥፋተኛው ጋር ምስክሩ የሚጠላውን ንጹሕ ሰው አብሮ የመጎተት ዝንባሌ እንዳለ አስጠንቅቀዋል። ሁለቱ አንድ ላይ ካልተነበቡ መርሑ ግማሽ ይሆናል።

የብዙ ሰው ጥቃት ሲሆን ጥያቄው ይበልጥ ይከብዳል፤ ምክንያቱም ለአንድ ዓላማ የተሰበሰበ ሕገ ወጥ ቡድን አባል የሆነ ሁሉ፣ እጁን ባያነሳም ሌላው በቡድኑ ዓላማ ላደረገው ይጠየቃል። በ1964 የማሳልቲ ጉዳይ ከኡታር ፕራዴሽ ሲመጣ፣ የአላሃባድ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ቢያንስ አራት የሚታመኑ ምስክሮች ያልጠሩትን ተከሳሽ ከጥፋተኝነት ማውጣቱ ታወቀ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ይህ መለኪያ ቆጠራ መሳይ ነው ቢባልም ኢምክንያታዊ አይደለም ብሎ ተቀበለው። ጥራትን ቁጥር አይተካውም የሚለው ሕግ እዚህ ላይ ለጥንቃቄ ሲባል ቦታውን ለቀቀ፤ ትክክል ነው የሠራው።

ምስክር ፖሊስ ዘንድ የሰጠው ቃልና ችሎት ላይ የሰጠው ቃል መለያየቱ የተከላካይ ጠበቃ ዋና መሣሪያ ነው። በሕንድ ይህ ቃል የተለየ ተፈጥሮ አለው። መርማሪ ፖሊስ የምስክሩን ቃል ይጽፋል፣ ምስክሩ ግን እንዲፈርምበት አይደረግም፤ ጽሑፉም ለዐቃቤ ሕግ ማስረጃ ሆኖ አይቀርብም፣ ምስክሩን ለመቃረን ብቻ ያገለግላል (የቀድሞው ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 161 እና 162)። በ1959 በታህሲልዳር ሲንግ ጉዳይ ስድስት ዳኞች ፖሊስ ዘንድ ያልተጠቀሰ ነገር መቼ እንደ ተቃርኖ እንደሚቆጠር በሰፊው ተከራክረው በአብላጫ ወሰኑ፤ ችሎት ላይ ከተነገረው ጋር አብሮ ሊቆም የማይችል ዝምታ ብቻ ተቃርኖ ነው። ፖሊሱ አሳጥሮ የጻፈው ማስታወሻ ሙሉ ምስክርነትን ማፍረስ እንደሌለበት ያዩት ይመስላል።

ስለ ጥቃቅን መለያየቶች የተጻፈው ሰፊ ፍርድ የ1983ቱ የጉጃራት ጉዳይ (ባርዋዳ ቦጊንባይ) ነው። ዳኛ ታካር ምስክር ያየውን ሁሉ እንደ ፎቶግራፍ እንደማያስቀር፣ ሰዓትን በግምት እንደሚናገር፣ ሰው ሲደበደብ ያየ ሁሉ እኩል ተረጋግቶ እንደማያስተውል፣ በችሎቱና በጠበቃው ፊት እንደሚደናገጥ ዘርዝረዋል። ስለ ማስታወስ ችሎታ ዛሬ ከሚታወቀው ጋርም ይስማማል። አደጋው ዝርዝሩ እንደ ጸሎት መደገሙ ነው፤ ከመሣሪያው ዓይነት ጀምሮ የተለወጠ ቃል «ጥቃቅን ልዩነት» ተብሎ በዚህ ፍርድ ሥር ሲያልፍ ይታያል። ልዩነቱ ጥቃቅን ነው ወይስ ሥር ያለው የሚለው የሚወሰነው ክርክሩ በምን ላይ እንደሆነ ነው። ተከሳሹ ቦታው ላይ ነበርኩ ግን አልመታሁም ካለ፣ ዱላው በማን እጅ ነበር የሚለው ጉዳይ ሥር ነው፤ ጭራሽ አልነበርኩም ካለ ግን የዱላው ርዝመት ትርጉም የለውም።

በአንዱ ነገር የዋሸ በሁሉም ዋሽቷል የሚለው የጥንቱ የላቲን አባባል በሕንድ ሕግ አይደለም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ከ1957 ጀምሮ ደጋግሞ ውድቅ አድርጎታል፤ ዳኛው ፍሬውን ከገለባው እንዲለይ ይጠበቅበታል። ከገለባው የሚለይ ፍሬ ከሌለ ግን ራሱ አዲስ ታሪክ ሠርቶ መፍረድ አይችልም።

ቃሉን ያጠፈ ምስክር የሚያመጣው ጣጣ ከዚህ ይከፋል። ምስክሩን የቆጠረው ወገን በፍርድ ቤት ፈቃድ ራሱ መስቀለኛ ጥያቄ ይጠይቀዋል። ከ1976 ጀምሮ በተሰጡ ፍርዶች ይህ ምስክርነት ሙሉ በሙሉ አይጣልም፤ ከሌላ ማስረጃ ጋር የሚስማማው ክፍል ይወሰዳል። በ1991 በኩጂ ጉዳይ ምስክሩ በዋናው ጥያቄ ተከሳሾቹን ለይቶ፣ መስቀለኛ ጥያቄው ከአንድ ወር ገደማ በኋላ ሲቀጥል ቃሉን አጠፈ፤ ፍርድ ቤቱ በመካከል ሰዎች ደርሰውበታል ብሎ የመጀመሪያውን አመነ። በ2015 ደግሞ በዋናውና በመስቀለኛው ጥያቄ መካከል ሃያ ወር ገደማ ያለፈበት የሙስና ጉዳይ ሲቀርብለት ቀጠሮ የሚሰጡ ዳኞችን በብርቱ ተቸ። ወቀሳው ለዳኞቹ ይገባል፤ መስቀለኛ ጥያቄ በዚያው ቀን ቢያልቅ ኖሮ ብዙው ቃል ማጠፍ ዕድል አያገኝም ነበር።

የሐኪሙ ማስረጃና የዓይን ምስክሩ ሲጋጩ የሕንድ ፍርድ ቤቶች የሚያስቀድሙት የዓይን ምስክሩን ነው፤ ሐኪሙ አስተያየት ሰጪ ነውና። ወሰኑ ግን አለ፤ የሐኪሙ ግኝት ምስክሩ የሚለውን ፈጽሞ የማይቻል ካደረገው የዓይን ምስክሩ ይወድቃል። ከቅርብ ተተኮሰ ተብሎ በቁስሉ ዙሪያ የባሩድ ምልክት ከሌለ፣ በሰይፍ ስለቱ ተቆረጠ ተብሎ ቁስሉ የደንደሱ ምት ብቻ ከሆነ፣ የመዝገቡ መሠረት ይናጋል።

የሙከራ ክስ ብቻ ያለው አንድ ልዩ ጥያቄም አለ። ተጎጂው ሊሞት ነው ተብሎ ማጅስትሬት (የመጀመሪያ ደረጃ ዳኛ) ሆስፒታል ድረስ ሄዶ ቃሉን ከተቀበለ በኋላ ሰውየው ቢተርፍስ? የሟች ቃል ልዩ ተቀባይነት የሚያገኘው ተናጋሪው ሲሞት ብቻ ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1999 ከማሃራሽትራ በመጣ ጉዳይ እንደወሰነው፣ ሰውየው ከተረፈ ጽሑፉ ራሱን የቻለ ማስረጃነቱን ያጣል፤ ችሎት ቀርቦ የሚሰጠውን ቃል የሚያጠናክር የቀድሞ ቃል ሆኖ ብቻ ይወሰዳል። ይህ ማለት በሕይወት መትረፉ ለዐቃቤ ሕግ ወረቀቱን አሳነሰበት፣ በምትኩ ግን ሊጠየቅ የሚችል ምስክር ሰጠው ማለት ነው።

የቀሩት ማስረጃዎች በዚህ ዙሪያ ይቆማሉ። ኤፍ. አይ. አር. የሚባለው የመጀመሪያው የወንጀል አቤቱታ ራሱ ማስረጃ ባይሆንም መዘግየቱ ስም ለመጨመር ጊዜ ሰጥቷል የሚል ጥርጣሬ ያስነሳል፤ ቤተሰቡ ቁስለኛውን ይዞ ሆስፒታል ሮጦ ከሆነ ግን ይታለፋል። በፖሊስ ፊት የተሰጠ የእምነት ቃል አይሠራም፤ ተከሳሹ መርቶ መሣሪያው የተገኘ እንደሆነ ግን ወደ ግኝቱ ያደረሰው ክፍል ብቻ ይወሰዳል። በምርመራ ጊዜ የተደረገ የመለየት ሰልፍም በችሎት የሚደረገውን መለየት ያግዛል እንጂ አይተካም። መሣሪያው አለመገኘቱ የታመነ የዓይን ምስክር ባለበት ክሱን አያፈርስም።

በ2023 የወጡት አዳዲሶቹ የወንጀል፣ የማስረጃና የሥነ ሥርዓት ሕጎች ይህን ሚዛን በከፊል ሊለውጡ ይችላሉ። ሰባት ዓመትና ከዚያ በላይ በሚያስቀጡ ወንጀሎች የፎረንሲክ ባለሙያ ሥፍራው ድረስ ሄዶ ማስረጃ እንዲሰበስብ፣ ብርበራና መያዝ በድምፅና ምስል እንዲቀረጽ፣ አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ በሚያስቀጡት ደግሞ ፖሊስ ያቀረበውን ምስክር ቃል ማጅስትሬት እንዲቀበል ተደንግጓል። የፎረንሲኩን ድንጋጌ ክልሎቹ በአምስት ዓመት ውስጥ በየራሳቸው ቀን እንዲያስጀምሩ ተፈቅዶላቸዋል።

ምስክሩ ግን ሰው ነው፤ ይፈራል። በማርች 2002 በቫዶዳራ ከተማ አሥራ አራት ሰው የተገደለበት የቤስት ቤከሪ ዳቦ ቤት ጉዳይ ለዚህ ትልቁ ማሳያ ነው። ምስክሮች ቃላቸውን ስላጠፉ ሃያ አንዱም ተከሳሾች በ2003 በነፃ ተለቀቁ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2004 ክሱ ከጉጃራት ወጥቶ ማሃራሽትራ ውስጥ እንደገና እንዲታይ አዘዘ፤ በ2006 ዘጠኙ ዕድሜ ልክ ተፈረደባቸው፤ በ2012 የቦምቤይ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በዋናነት የቆሰሉትን የዳቦ ቤቱን ሠራተኞች ቃል ይዞ የአራቱን አጽንቶ አምስቱን አሰናበተ። የቆሰለ ምስክር ቃል ለማን እንደሚበቃና ለማን እንደማይበቃ በዚህ መዝገብ ተለይቷል።

ከዚህና ከመሰል ጉዳዮች በኋላ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2018 በማሄንደር ቻውላ ጉዳይ የምስክር ጥበቃ ሥርዓትን በመላ አገሪቱ እንደ ሕግ እንዲሠራበት አደረገ፤ አዲሱ የሥነ ሥርዓት ሕግም በቁጥር 398 እያንዳንዱ የክልል መንግሥት የራሱን እንዲያወጣ ያስገድዳል። በ2018ቱ ሥርዓት መሠረት ማመልከቻውን የሚያየው በወረዳው ሴሽንስ ዳኛ የሚመራ፣ የወረዳው የፖሊስና የዐቃቤ ሕግ ኃላፊዎች ያሉበት ኮሚቴ ነው። ጥበቃው በአንድ ጊዜ ከሦስት ወር አይበልጥም፤ ሊታደስ ይችላል። የአንድ የግድያ ሙከራ ክስ ግን ከሴሽንስ ፍርድ ቤት ተነስቶ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እስኪደርስ ዓመታት ይፈጃል።